ከ6 ሜትር የሚጀምር ገደል፦ በሊትል ኬይማን ብለዲ ቤይ የአንድ ጠዋት ጠለቃ

በካሪቢያን ባሕር ካሉት ከሦስቱ የኬይማን ደሴቶች ትንሿ ሊትል ኬይማን ናት። ርዝመቷ 16 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲሆን በወርዷ በኩል በእግር ለማቋረጥ ግማሽ ሰዓት ይበቃል። በሰሜን ምዕራብ ዳርቻዋ ብለዲ ቤይ የሚባል ወሽመጥ አለ። ትርጉሙ «የደም ወሽመጥ» ነው፤ ስሙ የወጣለት የባሕር ወንበዴዎች ተፋጅተውበት እንደሆነ በአፈ ታሪክ ይነገራል። ስኩባ ጠላቂዎች (አየር በሲሊንደር ተሸክመው የሚጠልቁ ሰዎች) ከዓለም ዙሪያ ወደዚህች ደሴት የሚመጡት ግን ከባሕሩ ዳርቻ ብዙ ሳይርቅ ወለሉ በድንገት ስለሚያበቃ ነው። 5 እና 6 ሜትር ጥልቀት ላይ ኮራል የለበሰ ሜዳ አለ። ከሜዳው ጫፍ በኋላ በመቶ ሜትሮች የሚቆጠር ገደል ቁልቁል ይወርዳል።

ለዚህ ጽሑፍ የተመረጠው ቦታ ትሪ ፋዘም ዎል ነው። ፋዘም የድሮ መርከበኞች የጥልቀት መለኪያ ሲሆን 1.83 ሜትር ያህላል፤ ሦስት ፋዘም 5.5 ሜትር ይሆናል። ስሙ እንግዲህ የገደሉን አናት ጥልቀት ይነግረናል። ቦታው ሚክሲንግ ቦውል («መደባለቂያ ሳህን») የሚል ሌላ ስምም አለው፤ ብለዲ ቤይና ጎረቤቱ ጃክሰንስ ቤይ የሚገናኙት እዚህ ስለሆነ ነው። ወደ ምዕራብ ሲዋኙ ገደሉ ከአናቱ ጀምሮ ቀጥ ብሎ ይወርዳል። ወደ ምሥራቅ ሲዋኙ ደግሞ አሸዋማ ሜዳ ይመጣል፤ ዋናው ገደልም ጠለቅ ብሎ ይጀምራል።

ገደል ላይ የሚጠልቅ ሰው ልቡ የሚሳበው ወደ ታች ነው። የብለዲ ቤይ ትልቁ ሀብት ግን አናቱ ነው። ብርሃን ያለው፣ ዓሣው የሚበዛው፣ አየር የሚቆጠበውና ሰውነት በጥልቀት ሲተነፍስ ያጠራቀመውን ናይትሮጅን የሚያወጣው እዚያ ነው። ስለዚህ እዚህ የሚጠልቅ ሰው መጀመሪያ ሊወስን የሚገባው አናቱ ላይ ስንት ደቂቃና በስንት ባር አየር እንደሚያሳልፍ ነው (ባር የግፊት መለኪያ ነው፤ ሲሊንደር ውስጥ የቀረው አየር በሱ ይለካል)። የታችኛው ጊዜ ከዚያ የሚተርፈው ነው።

ከመግባት በፊት

የመጀመሪያው ውሳኔ የነፋስ ነው። በአብዛኛው የዓመቱ ክፍል የንግድ ነፋሶች የሚነፍሱት ከምሥራቅ ስለሆነ ወሽመጡ በደሴቲቱ ተከልሎ ጸጥ ይላል። ከኅዳር እስከ መጋቢት ባለው ጊዜ ግን ከሰሜን አሜሪካ የሚወርድ ቀዝቃዛ አየር በየጊዜው ነፋሱን ወደ ሰሜን ምዕራብ ያዞረዋል። ያን ጊዜ ማዕበሉ በቀጥታ ወደ ብለዲ ቤይ ይገባል፤ ጀልባዎችም ወደ ደቡብ ዳርቻ ይሄዳሉ። ጠዋት ላይ ነፋሱ መዞር ከጀመረ ጠለቃውን መተው ይሻላል። አናቱ 5.5 ሜትር ብቻ ስለሆነ የማዕበሉ ወዲያና ወዲህ ማለት እስከ ወለሉ ይደርሳል፤ በመጨረሻ ሊታረፍበት የታሰበው ቦታ ሰውን ከኮራል ጋር የሚያላጋ ይሆናል። ታች 25 ሜትር ላይ ሁሉም ነገር ጸጥ ያለ መስሎ ስለሚታይ፣ ችግሩ የሚገለጠው አየር ሲቀንስና ወደ ላይ ሲመለሱ ነው።

ጀልባው መልሕቅ አይጥልም። የብለዲ ቤይ ባሕር ፓርክ በ1986 እ.ኤ.አ. (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶችም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) የተቋቋመ ሲሆን በውስጡ መልሕቅ መጣል ክልክል ነው። ጀልባዎች ወለሉ ላይ በተተከሉ ቋሚ ማሰሪያዎች ገመድ ይታሰራሉ። ጠላቂውም የሚወርደው በዚሁ ገመድ አጠገብ ነው፤ ሲመለስም ምልክቱ እሱ ነው። ገመዱ አናቱ ላይ የታሰረው ምን ዓይነት ኮራል ወይም ስፖንጅ አጠገብ እንደሆነ ዞር ብሎ ማየት ያስፈልጋል፤ በመመለሻው አቅጣጫ ሲታይ መልኩ ሌላ ነውና።

ቀጥሎ ክብደት አለ። የውሃው ሙቀት በቀዝቃዛው ወቅት 26፣ በሞቃቱ 29 ዲግሪና ከዚያም በላይ ስለሚሆን 3 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው የጎማ ልብስ ለአብዛኛው ሰው ይበቃል። በካሪቢያን በብዛት የሚከራየው 11.1 ሊትር የአሉሚኒየም ሲሊንደር ነው፤ እስከ 207 ባር ይሞላል። ሲሞላ በውስጡ ያለው አየር ብቻውን 2.7 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። አየሩ ሲያልቅ ያ ክብደት አብሮ ይሄዳል፤ ሲጀመር የሚሰምጠው ሲሊንደር በመጨረሻ ወደ ላይ የሚንሳፈፍ ይሆናል። ስለዚህ ለመስመጥ የሚታጠቁት የእርሳስ ክብደት ልክ የሚፈተሸው በጠለቃው መጨረሻ፣ 5 ሜትር ላይ፣ 50 ባር ሲቀር ነው። ለመንሳፈፍ አየር የሚሞላው ጃኬት ባዶ ሆኖ፣ ጠላቂው በቀስታ እየተነፈሰ ሳይነሳም ሳይሰምጥም መቆየት ከቻለ ልኩ ያ ነው። ሲገቡ ቶሎ ለመስመጥ ብሎ 2 ኪሎ እርሳስ መጨመር የተለመደ ስህተት ነው፤ እዚህ ገደል ላይ ምን እንደሚያስከትል ከታች እናየዋለን።

የአየሩ ሒሳብ

ሁለት ጠላቂዎች እንውሰድ። ሁለቱም 11.1 ሊትር ሲሊንደር በ200 ባር ይዘዋል፤ ማለትም 2220 ሊትር አየር። ሲረጋጉ፣ በውሃው ገጽ ባለው ግፊት፣ በደቂቃ 18 ሊትር ይተነፍሳሉ እንበል። በውሃው ገጽ ካለው 1 ባር ሌላ ጥልቀት በየ10 ሜትሩ 1 ባር ግፊት ስለሚጨምር 25 ሜትር ላይ ግፊቱ 3.5 ባር ነው፤ በደቂቃ የሚወጣው አየርም 63 ሊትር ይሆናል። 6 ሜትር ላይ 29 ሊትር ያህል ብቻ ነው።

ከውሃው ገጽ ወደ 25 ሜትር መውረድ 2 ደቂቃና 80 ሊትር ገደማ ይወስዳል። 25 ሜትር ላይ 8 ደቂቃ 504 ሊትር፣ 18 ሜትር ላይ 8 ደቂቃ 403 ሊትር፣ 12 ሜትር ላይ 8 ደቂቃ 317 ሊትር፣ አናቱ ላይ 12 ደቂቃ 346 ሊትር ነው። ድምሩ 38 ደቂቃና 1650 ሊትር ነው፤ ሲሊንደሩ ውስጥ 51 ባር ይቀራል። በመንገድ ላይ መለኪያው ማሳየት ያለበት ቁጥርም ከዚሁ ይወጣል፦ ከ25 ሜትር ሲነሱ 147፣ ከ18 ሜትር ሲነሱ 111፣ ከ12 ሜትር ሲነሱ 83 ባር። እነዚህን ሦስት ቁጥሮች በውሃ ውስጥ በሚጻፍበት ሰሌዳ ላይ መያዝ ጠለቃውን በሙሉ ከመገመት ያድናል።

አሁን 25 ሜትር ላይ 7 ደቂቃ ቢጨምሩስ? 441 ሊትር ይሄዳል። ያ አየር አናቱ ላይ 15 ደቂቃ ያኖር ነበር። ታች የተጨመሩት 7 ደቂቃዎች አናቱ ላይ የታቀደውን ጊዜ ጠቅልለው ይወስዱታል፤ ጠላቂው ገና ከ12 ሜትር ሳይነሳ መለኪያው 50 ባር ላይ ይደርሳል። በዚህ ቦታ «አየሬ ቶሎ አለቀ» የሚሉ ሰዎች ችግር በአብዛኛው ይኸው ነው። የሳንባቸው ጉድለት አይደለም፤ ጊዜውን ያጠፉት በተሳሳተ ጥልቀት ነው።

ሌላ ሒሳብ አለ፤ እሱ የሕይወት ነው። 25 ሜትር ላይ ያንዱ አየር ድንገት ቢቋረጥ ሁለቱ ከአንድ ሲሊንደር እየተነፈሱ መውጣት አለባቸው። የተደናገጠ ሰው በደቂቃ 30 ሊትር ይተነፍሳል ብለን እናስላ፤ ለሁለት 60 ሊትር። ትርፍ መተንፈሻውን ለመቀባበልና ለመረጋጋት 1 ደቂቃ 210 ሊትር፣ በደቂቃ ከ9 ሜትር ሳይበልጡ እስከ 5 ሜትር ለመውጣት 3 ደቂቃ 450 ሊትር፣ እዚያ 3 ደቂቃ መቆየት 270 ሊትር፣ የመጨረሻው 5 ሜትር 75 ሊትር። ድምሩ 1005 ሊትር፣ ማለትም 91 ባር ነው። ስለዚህ 25 ሜትር ላይ መለኪያው ወደ 100 ሲጠጋ የታችኛው ጊዜ አብቅቷል፤ የታየው ሻርክ ምንም ያህል ቢያምር። «በ50 ባር ጀልባ ላይ ሁን» የሚለው የተለመደ መመሪያ የሚናገረው ስለ መጨረሻው ነው። መቼ ከታች መነሳት እንዳለብህ አይነግርህም።

ሲወርዱ

ከጀልባው ዘለው ከገቡ በኋላ ገመዱ አጠገብ ሆኖ እስከ አናቱ መውረድና እዚያ አንድ ሙሉ ደቂቃ መቆም ይገባል። ጆሮ ተከፍቷል? ጭምብሉ ውሃ ያስገባል? የጓደኛ ሲሊንደር ማሰሪያው ጠብቋል? በብዙ ገደሎች ይህን ለማየት ወለል የለም። እዚህ የተፈጥሮ መድረክ አለ፤ ተቻኩሎ ማለፍ ትልቅ ጸጋን መጣል ነው። አየር ከሲሊንደር በደንብ አለመምጣቱ 5 ሜትር ላይ ከታወቀ መፍትሔው ወደ ላይ መመለስ ብቻ ነው።

ከዚያ በጫፉ በኩል ማለፍ ነው። ገደሉን በአንድ ትከሻ በኩል ይዞ፣ ከግንቡ 2 ሜትር ያህል ርቆ፣ አግድም ተዘርግቶ መዋኘት። የመጀመሪያው ግማሽ ከፍሰቱ በተቃራኒ፣ ሁለተኛው ግማሽ ከፍሰቱ ጋር ይደረጋል። በብለዲ ቤይ ፍሰቱ አብዛኛውን ጊዜ ደካማ ነው። ቢሆንም ጎርጎንያ የሚባሉት ማራገቢያ የሚመስሉ ለስላሳ ኮራሎች ወደየት እንደተደፉና ዓሦች ፊታቸውን ወደየት እንዳዞሩ ማየት አቅጣጫውን ይነግራል፤ ዓሣ ፊቱን የሚያዞረው ፍሰቱ ወደሚመጣበት ነው።

ገደሉን የሚሰነጣጥቁ መተላለፊያዎች አሉ፤ አናቱ ላይ ገብተው በገደሉ ፊት ላይ የሚወጡ። ወደ ውስጥ የሚገባ ሰው መውጫውን ከመግባቱ በፊት ማየት አለበት፤ ተራ በተራ፣ እግርን ሳያወራጩ። ወለሉ ደቃቅ አሸዋ ስለሆነ አንድ ሰው መቅዘፊያውን ወደ ታች ከመታ ከኋላው ያለው ምንም አያይም። በተጨማሪ መውጫው ሁልጊዜ ከመግቢያው ይጠልቃል። 6 ሜትር ላይ ገብቶ ከ20 ሜትር በታች የወጣ ሰው፣ ጆሮውንና ጃኬቱን እያስተካከለ ካልሄደ፣ ባዶው ሰማያዊ ላይ ሲደርስ መስመጥ ጀምሯል።

ገደሉ ሰውን የሚያታልለው እንዴት ነው

ነገሩ እንዲህ ነው። ውሃው ጥርት ያለ ነው፤ 30 ሜትር ማየት እዚህ የተለመደ ነው። ጥርት ባለ ውሃ ውስጥ ብርሃን ቀስ ብሎ ስለሚቀንስ 20 እና 35 ሜትር ለዓይን ይመሳሰላሉ። ወለል የለም፤ «ደረስኩ» የሚያሰኝ ነገር የለም። ከ30 ሜትር ገደማ በታች ደግሞ ናይትሮጅን አእምሮን ማደንዘዝ ይጀምራል፤ ሰውየው ሰላም ይሰማዋል እንጂ ስጋት አይሰማውም።

ከዚህ ላይ የጃኬቱን ጉዳይ ጨምሩበት። 2 ኪሎ ትርፍ እርሳስ የታጠቀ ሰው ያን ለማካካስ ጃኬቱ ውስጥ አየር ያስገባል። 6 ሜትር ላይ በውስጡ 4 ሊትር አየር አለ እንበል፤ ግፊቱ 1.6 ባር ነው። ምንም ሳይነካው 30 ሜትር ቢደርስ ግፊቱ 4 ባር ይሆናል፤ 4 ሊትሩም ወደ 1.6 ሊትር ይጨመቃል። 2.4 ኪሎ የማንሳፈፍ ኃይል ጠፋ ማለት ነው። የጎማ ልብሱም አብሮ ይጨመቃል። በተወረደ ቁጥር መውረዱ ይፈጥናል። ትክክለኛ ክብደት የታጠቀ ሰው ጃኬቱ ውስጥ ያለው አየር ትንሽ ስለሆነ የሚጠፋበትም ትንሽ ነው።

መድኃኒቱ ቀላል ነው፤ ነገር ግን ልማድ ይጠይቃል። የጥልቀት መለኪያን በየደቂቃው ማየት። ሲወርዱ በየ5 ሜትሩ አየር በአጭር በአጭሩ ማስገባት። ፎቶ የሚያነሳ ሰው ደግሞ ከእያንዳንዱ ፎቶ በፊትና በኋላ ጥልቀቱን ይይ፤ ዓይንን በካሜራ መስኮት ላይ ተክሎ 20 ሰከንድ መቆየት እዚህ ብዙ ሜትር ያስወርዳል። ጓደኛ ሁልጊዜ በጎን፣ በእኩል ጥልቀት ይሁን። አንዱ ከሌላው በታች ሲሆን የታችኛው የላይኛውን እያየ «አብረን ነን» ብሎ ይዘናጋል።

ናይትሮክስ (ኦክስጅን የተጨመረበት አየር) የሚጠቀም ሰው ይህን በእጥፍ ልብ ማለት አለበት። 32 ከመቶ ኦክስጅን ያለው ድብልቅ 30 ሜትር ላይ ሲወጡ በመንገድ ላይ ለመቆም ሳይገደዱ የሚፈቀደውን የታች ጊዜ በታወቀው የመዝናኛ ጠላቂዎች ሰንጠረዥ ከ20 ወደ 29 ደቂቃ ያደርሰዋል። ትልቅ ጥቅም ነው። ግን የኦክስጅኑ ከፊል ግፊት (ከጠቅላላው ግፊት የሱ ድርሻ) 33 ሜትር አካባቢ 1.4 ባር ይደርሳል፤ 40 ሜትር ላይ 1.6 ነው። ከዚያ ወሰን ያለፈ ሰው ያለ ማስጠንቀቂያ ሊያንቀጠቅጠው ይችላል፤ በውሃ ውስጥ ያ መስጠም ነው። ወለል በሌለበት ገደል ላይ 33 ሜትርን የሚጠብቅ ጠላቂው ብቻ ነው። ስለዚህ ሲሊንደሩን እያንዳንዱ ሰው ራሱ በኦክስጅን መለኪያ ፈትሾ፣ ቁጥሩንና የመጨረሻ ጥልቀቱን ጽፎ ይለጥፍበታል፤ በእጁ የሚያስረውን የጠለቃ ኮምፒውተርም በዚያው ልክ ያስተካክላል።

አናቱ ላይ

83 ባር ይዞ የተመለሰ ጠላቂ አሁን 12 ደቂቃ አለው። 3 ደቂቃ በ5 ሜትር የሚባለው የጥንቃቄ ቆይታ እዚህ ገመድ ይዞ ሰዓት መቁጠር አይደለም፤ የጠለቃው ምርጥ ክፍል ነው። ቀይ ቀለም በመጀመሪያዎቹ ጥቂት ሜትሮች መጥፋት ስለሚጀምር፣ ታች ቡናማ መስሎ ያለፈው ስፖንጅ እዚህ እውነተኛ መልኩን ያሳያል። የሐውክስቢል ኤሊዎች ስፖንጅ ሲግጡ ይገኛሉ። እጅ ምንም አይነካም፤ ጓንት አለማድረግም እጅን ለመሰብሰብ ይረዳል።

ከዚያ ናሶ ግሩፐር አለ፤ ዓይኑን አቋርጦ የሚያልፍ ጥቁር መስመር ያለው፣ ሰውን እንደ ውሻ የሚከተል ትልቅ ዓሣ። የዚህ ዓሣ ታሪክ ከደሴቲቱ ጋር የተሳሰረ ነው። በየዓመቱ በቀዝቃዛው ወቅት በጨረቃ ሙላት ሰሞን በሺህ የሚቆጠሩ ግሩፐሮች ለመራባት በምዕራቡ የደሴቲቱ ጫፍ ይሰበሰባሉ። ዓሣ አስጋሪዎች ቦታውን በ2001 አገኙት፤ በሁለት የመራቢያ ወቅት 4000 ያህል ዓሣ ወጣ። በ2003 በመራቢያው ቦታ ማስገር ታገደ። የኬይማን አካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤትና ሪፍ የተባለው ድርጅት ከተመራማሪዎች ጋር በሠሩት ክትትል ቁጥሩ በ2009 ከነበረበት 1200 ገደማ በ2018 ከ7000 በላይ ደረሰ። ይህ ዓሣ በካሪቢያን ብዙ ቦታ ከገጽ ሊጠፋ በደረሰበት ዘመን የታየ ትንሣኤ ነው፤ አናቱ ላይ የሚከተለን ግሩፐር የዚያ እገዳ ልጅ ነው።

ግሩፐሩ ሰውን የሚከተልበት አንዱ ምክንያት አንበሳ ዓሣ ነው። ይህ መርዘኛ እሾህ ያለው ዓሣ የሕንድና የፓስፊክ ውቅያኖሶች ተወላጅ ነው። በኤላት ወይም በጅቡቲ የጠለቀ አማርኛ ተናጋሪ በቤቱ አይቶታል፤ እዚያ የሚያምር ነዋሪ ነው። በካሪቢያን ግን የሚገታው ጠላት ስለሌለ ትንንሾቹን ዓሦች ይጨርሳል። በኬይማን መጀመሪያ የታየው በ2008 ሲሆን ፈቃድ ያላቸው ሰዎች በጦር ይወጉታል። ግሩፐሮች የተወጋውን ሲበሉ ጠላቂና ምግብን አያያዙ። ጠላቂው ለግሩፐሩ የሚያቀርበው ነገር ከሌለው እጁን ደረቱ ላይ አጣጥፎ ይለፍ።

አናቱ የመጀመሪያው ተጎጂም ነው። በ2023 የባሕሩ ሙቀት ከልክ በላይ ወጥቶ ለወራት ሲቆይ፣ ኮራሎች በሥጋቸው ውስጥ የሚኖሩትንና ምግብ የሚያዘጋጁላቸውን ጥቃቅን አልጌዎች አስወጥተው ነጡ። የነጣ ኮራል ገና አልሞተም፤ ተርቧል። ሙቀቱ ካልተመለሰ ግን ይሞታል፤ በሊትል ኬይማንም ብዙ ኮራል ሞቷል። በዚህ ላይ ድንጋያማ ኮራሎችን የሚገፍፍ በሽታ አለ፤ በ2014 በፍሎሪዳ ታይቶ በ2020 ግራንድ ኬይማን ደረሰ። ከሌላ ደሴት የመጣ ጠላቂ ጃኬቱን፣ ልብሱንና መቅዘፊያውን በፀረ ተሕዋስያን አጥቦና አድርቆ መምጣት አለበት። ጃኬቱ ውስጥ የቀረው ውሃ አይረሳ።

ከወጡ በኋላ

ሁለተኛው ጠለቃ ቢያንስ አንድ ሰዓት አርፎ፣ ከመጀመሪያው ያነሰ ጥልቀት ላይ ይደረጋል፤ 18 ሜትር ይበቃል። ወደ ምሥራቅ ወደ አሸዋማው ሜዳ መዋኘት ለዚህ ይስማማል።

በሰውነቱ ውስጥ የናይትሮጅን አረፋ ለሠራበት ሰው የሚያስፈልገው የግፊት ሕክምና ክፍል በደሴቲቱ ላይ የለም፤ የሚገኘው 120 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ በግራንድ ኬይማን፣ ጆርጅ ታውን ነው። የመገጣጠሚያ ሕመም፣ መደንዘዝ፣ ያልተለመደ ድካም ወይም የቆዳ መዥጎርጎር የታየበት ሰው ወዲያው ንጹሕ ኦክስጅን ይጀመርለታል፣ ይተኛል፣ ውሃ ይጠጣል፣ ጥሪ ይደረጋል። «እስከ ማታ እንየው» ማለት የመጨረሻውን አውሮፕላን ማሳለፍ ሊሆን ይችላል። ጀልባው ላይ ያለው የኦክስጅን ሲሊንደር መሙላቱን ከጉዞው በፊት መጠየቅ ነውር የለውም።

ወደ ቤት ለመብረር ከአንድ ጠለቃ በኋላ ቢያንስ 12 ሰዓት፣ ለበርካታ ቀናት ወይም በቀን ደጋግሞ ለጠለቀ 18 ሰዓት መጠበቅ ነው ደንቡ፤ 24 ከሆነ ይበልጥ ጥሩ ነው። ምክንያቱን ለእኛ አገር ሰው ማስረዳት ቀላል ነው። በበረራ ላይ የመንገደኛው ክፍል ግፊት እስከ 2400 ሜትር ከፍታ ካለው አየር ጋር እኩል ይሆናል፤ አዲስ አበባ 2355 ሜትር ላይ ናት። ስለዚህ ጅቡቲ ጠልቆ በመኪና ወደ ደጋ የሚወጣ ሰውም ያንኑ ሰዓት መጠበቅ አለበት፤ አውሮፕላን ባይሳፈርም።